የነበረ ይናገር



አባቶቻችን «የነበረ ይናገር፤ የቀበረ ያርዳ» ይላሉ። አነጋገሩ አጭር ቢሆንም የያዘው ሕግ ከባድ ነው። ስለ አንድ ነገር ለመመስከር በቦታው መገኘት ያስፈልጋል፤ የሰውንም ሞት ለማርዳት ከቀብሩ ላይ መቆም ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሲባል ግን ያልነበረ ሰው ከቶ አፉን አይክፈት ማለት አይደለም። ያልነበረ ሰው ሲናገር፣ ያልነበረ መሆኑንም አብሮ ይናገር ማለት ነው።

ይህ ሕግ በዛሬው ጊዜ ከምን ደርሷል? ዛሬ እኮ ሁላችንም የነበርን ይመስለናል። ካርቱም ስትነድ በስልካችን አይተናል። ሰው ሲደበደብ፣ ቤት ሲቃጠል፣ እናት ስታለቅስ በየዕለቱ እናያለን። «አንተ በምን ዐወቅህ?» ብለው ቢጠይቁን «በዐይኔ አይቼ ነዋ!» ብለን እንመልሳለን፤ ስልኩንም አውጥተን እናሳያለን። ለመሆኑ በስልክ መስተዋት ያየ ሰው «የነበረ» ይባላልን? ነገሩ ሥራ የፈቱ ፈላስፎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እንደ መተማ ባለ ጠረፍ ለሚኖር ሰው ግን መንገድ መውጣትንና መቅረትን፣ ጎረቤትን ማመንንና መጠርጠርን፣ አልፎ አልፎም ሕይወትንና ሞትን የሚወስን ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በምዕራቡ ዓለም አጥብቀው ካነሡት መካከል ሁለት ፈረንሳውያን ይጠቀሳሉ። ዣን ፍራንስዋ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 «የድኅረ ዘመናዊነት ሁኔታ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ የዘመኑ ሰው ታሪክን ሁሉ ጠቅልለው እናስረዳለን በሚሉ ታላላቅ ትርክቶች ላይ እምነት ማጣቱን አመለከተ። ዣን ቦድሪያር ደግሞ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚያ አልፎ ሄደ። በእርሱ አስተያየት ምስል መጀመሪያ የእውነተኛው ነገር ጥላ ነበር፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ነገር የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ፤ በመጨረሻም ከጀርባው ምንም የሌለው፣ ከራሱ በቀር የሚመስለው የጠፋ ምስል ሆነ። ይኸው ሰው በ1991 «የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አልተካሄደም» የሚል ርእስ ሰጥቶ ሲጽፍ ብዙዎች ተቆጡ። ሰው አልሞተም ማለቱ ግን አልነበረም። ዓለም በቴሌቪዥን የተመለከተው ነገርና በምድር ላይ የተፈጸመው ነገር አንድ አይደሉም ማለቱ ነበር።

ይህ ትምህርት ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች ሲደርስ አጥሮና ቀሎ ይደርሳል። «እውነት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ትርክት ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ዛሬ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎች ሳይቀር ይሰማል። «ያ የእነርሱ ትርክት ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ ነው» እንባባላለን። አነጋገሩ ሊቅነት ይመስላል። ነገር ግን እውነት ነውን?

መልሱን ሩቅ ሳንሄድ እዚያው መተማ ላይ እናገኘዋለን። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር መተማ ላይ ተዋጉ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ጥሶ ገብቶ፣ ድሉም ወደ እርሱ አዘንብሎ ነበር። በዚህ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ የጦሩ ልብ ተፈታ፤ ያሸንፍ የነበረውም ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱም በቁስላቸው ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዘው የሚጓዙትን ደርቡሾች ተከታትለው ደረሱባቸው፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። በአንድ በኩል ድኅረ ዘመናውያኑ የሚሉት ከንቱ አይደለም። ወሬ የነገር ጥላ ብቻ ሳይሆን ራሱ ነገር ነው። በመተማ ሜዳ ላይ ወታደሩ በዐይኑ ድልን እያየ በጆሮው የሰማው አሸነፈው። በሌላ በኩል ግን ወሬው ጦሩን መለሰ እንጂ ንጉሡን አልገደለም። ንጉሡን የገደለው ጥይት ነው። ወሬው ባይሰማ ኖሮ ጦሩ ምናልባት ይቀጥል ነበር፤ ንጉሡ ግን ከቁስላቸው አይድኑም ነበር። ስለዚህ ትርክት ብዙ ነገር ሊያደርግ ይችላል፤ የሆነውን ግን እንዳልሆነ ሊያደርግ አይችልም። በሆነውና በተወራው መካከል ያለው ድንበር ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

ይህን ድንበር እንድንጠብቅ ቋንቋችን ራሱ መሣሪያ ሰጥቶናል። «መንገድ ተዘግቷል» እና «መንገድ ተዘግቷል አሉ» የሚሉትን ሁለት አነጋገሮች እንመልከት። «አሉ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ተናጋሪው ነገሩን አለማየቱን፣ ከሰው መስማቱን ታስታውቃለች። ሰሚውም ወዲያውኑ «ማን ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። ከገላባት የተሻገረ ነጋዴ፣ ከገንዳ ውኃ የመጣ ሹፌር፣ ከቋራ የተመለሰ ገበሬ ሻይ ቤት ገብቶ ሲያወራ የሚሰሙት ሰዎች ያዩትን ከሰሙት እየለዩ እንዲነግራቸው ያደርጉታል። ወሬው ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ባለቤቱም ነገ እዚያው ሻይ ቤት ይገኛል፤ ቢዋሽ ስሙ ይጠፋል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለውም ለዚህ ነው።

የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ያውቀዋል። የደረሰ ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። በዚያች አጭር ጊዜ ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳል። «መንገዱ ሰላም ነው» የሚል ሐሰት ሠራተኛውን ለአደጋ ይዳርገዋል። «መንገዱ ተዘግቷል» የሚል ሐሰት ደግሞ የገበሬውን የዓመት ልፋት ለአፈር ይገብራል፤ የሠራተኛውንም ልጆች ጦማቸውን ያሳድራል። ለእነዚህ ሰዎች መንገዱ ወይ ተከፍቷል ወይ ተዘግቷል። ሦስተኛ ትርክት የለም።

መርዶም እንዲሁ ነው። በአገራችን ልማድ የሰው ሞት እንደ ማንኛውም ወሬ አይወረወርም። አስቀድሞ ይጣራል። ዘመድና ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ በማለዳ ተሄዶ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ይረዳል። ወደ ቆላ ወርዶ በወባ ወይም በካላዛር የቀረውን የልጃቸውን ወሬ የሚጠብቁ የደጋ ወላጆች ይህ ልማድ ምን ያህል ምሕረት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለ ሞት የሚነገር ቃል ዕዳ እንዳለበት ሕዝባችን ተረድቶ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በዚህ ሥርዐት ላይ ያመጡት ለውጥ ምንድን ነው? አንደኛ፣ «አሉ»ን አስቀርተዋል። ምስል «አሉ» አይልም፤ «ይኸውልህ» ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ ወሬን ባለቤት አሳጥተዋል። በስንት እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ ሥዕል ሲደርሰን «ማን ነው ያለው?» ለማለት እንኳ ሰው አናገኝም። ሦስተኛ፣ በምስክር ፈንታ ቁጥር አስቀምጠዋል። ሃምሳ ሺሕ ሰው አይቶታል ሲባል ሃምሳ ሺሕ ምስክር ያለ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ሃምሳ ሺሕ ሰው አንድ ሥዕል ቢያይ ምስክሩ አንድ ነው፤ እርሱም ቢገኝ ነው። በዚህ ላይ የስልኩ አሠራር ዐይናችን የቆየበትን እየቆጠረ ያንኑ የመሰለ ይጨምርልናል። የተቆጣ ሰው የሚያስቆጣ ነገር፣ የፈራም የሚያስፈራ ነገር ይደርሰዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የገዛ ልቡን እያየ ዓለምን ያየ ይመስለዋል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልኖረ ፊትና ያልተነገረ ድምፅ መሥራት ቀሏል።

ምናልባት «ሥዕል ያሳሳተው ዛሬ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ለዓለም አቀረበ። ደርግ ይህንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስና ምቾት ከሚያሳዩ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ያጋጠመው እጅ ግን ዓላማ የነበረው እጅ ነው። ስለዚህ «ይህ ሥዕል እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ማን፣ ለምን፣ ከምን ጋር አያይዞ አሳየኝ?» ማለትም ያስፈልጋል። ደግሞም ያ ፊልም ያን ያህል ኀይል ያገኘው ረሃቡ አስቀድሞ ከሕዝብ ተደብቆ ስለነበረ መሆኑን አንርሳ። እውነትን የሚደብቅ ሰው የሚያቀናብርን ሰው መንገድ ይጠርግለታል።

በድሮው ጊዜና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ይህ ነው። በ1967 ሥዕሉን የሚያጋጥመው መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ግን እያንዳንዳችን እናጋጥማለን፣ እያንዳንዳችን እናሰራጫለን። የሚከተለውም ጥፋት የእያንዳንዳችን ሆኗል።

ለዚህ የሚያሳዝን ማስረጃ ከራሳችን ክልል አለን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ትግራዊው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ከመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የሐሰት ውንጀላዎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ ቢያመለክትም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ በክሱ ገልጿል። ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

የኩባንያውን ዕዳ ፍርድ ቤት ይመርምረው። እኛ ግን ለራሳችን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ያንን ጽሑፍ አይተው ለሌላ ካስተላለፉት ሰዎች መካከል ሰውየውን በአካል የሚያውቅ ስንት ነበር? ከክፍላቸው ተቀምጦ የተማረ፣ በደጃቸው ያለፈ፣ ሰላም ያሉት ሰው ስንት ነበር? የሚበዛው ያየው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ሲያይ ሰውየውን ያየ መሰለው፤ ክሱን ሲያነብ ወንጀሉን ያየ መሰለው። «ትርክት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ቤተሰብ አባቱን ባላጣም ነበር።

በአገራችን በጥንት ጊዜ ወንጀል ሲጠፋ ወንጀለኛውን ለማግኘት ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ ሌባ ሻይ ነው፤ ልጅን መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እርሱም እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ሁለተኛው አፈርሳታ ነው፤ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ሁለተኛውም ቢሆን ጉድለት አላጣውም፤ ይሁን እንጂ ሰው ቃሉን በስሙ ይሰጥ ነበር። የሌባ ሻይ ልጅ ግን ማንንም አላየም፤ ለጠቆመውም ቤት ኀላፊ አልነበረም። ሳናጣራ የምናስተላልፍ ወጣቶች ዛሬ ያን ልጅ ሆነን የሰው ቤት እየጠቆምን እንደሆነ እናስተውል።

ታዲያ መፍትሔው ስልኩን መዝጋት ነውን? ይህም ታይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሐሰቱ ግን አልሞተም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ያን ጊዜ ደግሞ ማጣሪያው ጠፋ። ቆላ የወረደ ልጅ ደጋ ላለችው እናቱ «ደኅና ነኝ» የሚልበት መንገድም ጠበበ። ስለዚህ የጎደለን መስተዋቱ መጥፋቱ አይደለም፤ ምስክር ነው።

ምስክር ምን ያህል እንደሚለይ የመተማ ሰው በቅርቡ አይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ዓለም ሁሉ ጭሱን በስልኩ ተመለከተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ከገላባት ወደ መተማ መሻገር ጀመሩ፤ ሱዳናዊው፣ ኢትዮጵያዊው፣ የሌላም አገር ሰው። በዚያው ዓመት ለስደተኞቹ በኩመር መጠለያ ተከፈተላቸው። በስልክ የታየው ጭስ ጣት በማንቀሳቀስ ያልፋል። ድልድዩን ተሻግሮ የመጣ ሰው ግን ውኃ ይጠይቃል፤ ጥላ ይፈልጋል፤ ልጁ ታሞበታል። ብትጠይቀው ይመልስልሃል፤ የተሳሳትከውንም ያርምሃል። ምስል ይህን አያደርግም። ከእውነተኛ ነገርና ከምስሉ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ እውነተኛው ነገር ከእኛ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ምስሉ ግን እንድንመለከተው ብቻ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ «አሉ»ን እንመልሳት። ያላየነውን ስናወራ «አሉ» እንበል፤ ለሌላ ስናስተላልፍም ከማን እንዳገኘን አብረን እንጻፍ። የሚጻፍ ስም ካላገኘን አናስተላልፍ። ያልቀበርነውን አናርዳ፤ ዘመድ ሳይሰማ የሟችን ፎቶግራፍ አንለጥፍ።

ይሁን እንጂ ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ምሳሌው «ያልነበረ ዝም ይበል» አይልም፤ «የነበረ ይናገር» ነው የሚለው። ትእዛዙ ለነበረው ሰው ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልነበርንበትን እናወራለን፤ የነበርንበትን ደግሞ ዝም እንላለን። ምክንያቱም ያላዩትን ማውራት ዋጋ አያስከፍልም፤ ያዩትን መናገር ግን ያስከፍላል። በተለይም ሐሰቱ የገዛ ወገናችንን የሚጠቅም ሲሆን «እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ አልሆነም» ማለት ከሁሉ ይከብዳል። ጠላታችን በምንለው ላይ የተነገረ ሐሰት ሲደርሰን ልባችን ያለ ማስረጃ ይቀበለዋል፤ የሚያስተባብለውም ሰው ከሃዲ ይመስለናል። በዚያች ሰዓት «የእኛ ትርክት» እያልን መሸሸጊያ እናደርገዋለን።

የዛሬ ወጣት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሰው በአደባባይ ቆሞ ይመስክር ማለት አይቻልም፤ ጊዜው አስቸጋሪ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን በቤታችን፣ በመኝታ ክፍላችን፣ አብረን ሻይ በምንጠጣበት ቦታ ስለምናውቀው ጎረቤት ሐሰት ሲነገር «ሰውየውን ዐውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም» ለማለት ምን ይከለክለናል? ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በጊዜዋ የሚናገር ሰው ሲኖር፣ በምስል ብቻ የታወቀው ሰው እንደገና ሥጋና ደም ያለው ሰው ይሆናል። የነበርን ካለን እንናገር።